አራት ነጥብ ስድስት ናኖሰከንድ

እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ሳጥኑን ማየት ክልክል ነው። ሳጥን ስል የእንጨት ወይም የብረት እንዳይመስላችሁ። ክዳንም የለው፣ ቁልፍም የለው። ኮምፒዩተር ላይ በምናወጣው ሥዕል መሐል የተሸፈነች አራት ማዕዘን ቦታ ናት። የምንፈልጋት ነገር ካለች እዚያ ውስጥ ናት። ስለዚህ ሥራችንን ሁሉ ጨርሰን፣ የመምረጫ ሕጎቻችንን ጽፈንና ፈርመን ሽፋኑን እስክናነሣ ድረስ ማንም ዐይኑን አይጥልባትም። እኔ ጣልኩባት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ሰውን የሚጨርሰው ግን ዝርዝሩ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር።

የምንሠራው ከከተማው ዳር፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። ማፋጠኛው ማሽን ጨረር ይልክልናል፤ ከጨረሩ ውስጥ ዕድሜያቸው ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ቅንጣቶች እኛ ቱቦ ውስጥ ገብተው ይፈርሳሉ። አብዛኞቹ የሚፈርሱት በታወቀው መንገድ ነው፤ እሱን መቶ ዓመት ቁጭ ብለን ብናየው አዲስ ነገር አይነግረንም። እኛ የምንፈልገው አንዱን መንገድ ነው፤ ከመቶ ቢሊዮን ቅንጣት ምናልባት አንዷ የምትሄድበትን። በዚያ መንገድ የሄደችው የምትታይ አንዲት ልጅ ብቻ ትታ ትጠፋለች፣ ሌላው ሳይታይ ያመልጣል። ችግሩ ተራዎቹም አንዳንዴ ልጆቻቸውን ደብቀው ያቺን መምሰላቸው ነው። ለዚህ ነው በቱቦው ዙሪያ ሠላሳ ስድስት መቁጠሪያዎች ያቆምነው፤ እኛ ዘበኞች እንላቸዋለን። ሥራቸው አንድ ነው፤ ሌላ ነገር ሾልኮ ሲወጣ ካዩ መጮህ። ዘበኛ ከጮኸ ያቺ ቅንጣት ተራ ናት፣ ትጣላለች። እያንዳንዷ ቅንጣት ሥዕላችን ላይ አንዲት ነጥብ ናት፤ ሳትጣል ሳጥኑ ውስጥ የተገኘች ነጥብ ናት የምንፈልጋት።

ዘበኛ ግን በከንቱም ይጮኻል፤ ይህን የትም ያለ ዘበኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ጩኸቱ ቅንጣቷ ከፈረሰችበት ቅጽበት ጋር ምን ያህል ሲቀራረብ ነው የምናምነው? መለኪያችን ናኖሰከንድ ነው፣ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ። በአራት ናኖሰከንድ ውስጥ የጮኸ ይታመናል፣ ከዚያ ያለፈው ለራሱ ይጩህ ማለት ይቻላል። አምስት ማለትም ይቻላል። ሰው በዚህ ይጣላል ወይ ብትሉኝ፣ እኛ ተጣልተንበታል።

አለቃችን ጋሼ ዜሮ ናቸው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሦስት ሙከራ ላይ ሠርተው፣ የሦስቱም ሳጥን ሲከፈት ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ሲከፈት ልጃቸው አልተወለደችም፤ ሦስተኛው ሲከፈት እሷ ራሷ ወልዳ ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው ዜሮም መልስ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ «እዚህ የለም» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ቀላል ሥራ አይደለም። ባለቤታቸው ግን አንድ ጊዜ ለሠራተኛው ግብዣ መጥተው የባላቸው ሥራ የሌለ ነገር አለመኖሩን ማረጋገጥ እንደሆነ ሲናገሩ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሳቁ፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ግን ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ እንደነበር አይቻለሁ።

ሳጥኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገና ተማሪ ሳለሁ ለምን እንደምንሸፍነው ስጠይቃቸው፣ «ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ልብ ግን ዳኛ አይደለም፣ ዘመድ ነው» አሉኝ። ነጥብ እንዳለች ካየሽ ነጥቧ እንድትተርፍ አድርገሽ ሕጉን ትጽፊዋለሽ፤ ክፉ ሆነሽ አይደለም፣ ሰው ስለሆንሽ ነው። ስለዚህ ደንባቸው ግልጽ ነበር። በስሕተት ሳጥኑን ያየ ሰው ያንኑ ቀን መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም የመምረጫ ሕጎችን ከሚወስኑት ወንበር ይነሣል። ቅጣት የለውም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ጽፈዋል፤ ሻይ ጋበዝናቸው፣ ሳቅንባቸው፣ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

እኔ ያየሁት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አሥራ ሰባተኛው ዘበኛ ገመዱ ከተቀየረ ወዲህ እየዘገየ ይጮኽ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለማየት ጩኸቶቹን በሙሉ በአንድ ሥዕል ላይ አወጣኋቸው። ከዚያ በፊት ግን ሳጥኑን የምትሸፍነውን መስመር መጻፍ ያስፈልጋል። አንዲት መስመር ናት፣ ሺህ ጊዜ ጽፌያታለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ሊነሣ ሩብ ጉዳይ ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የዚያን ቀን ረሳኋት። ሥዕሉ ሲወጣ ባዶ መሆን በነበረበት ቦታ መሐል አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች። ከጎኗ ተጽፏል፦ ዘበኛ አሥራ ሰባት፣ አራት ነጥብ ስድስት። ዘበኛው የጮኸው ቅንጣቷ በፈረሰች በአራት ነጥብ ስድስት ናኖሰከንድ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዘጋሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ደስታ ነበር። አለች ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ስንፈልጋት የኖርነው ነገር አለች፣ ያየኋትም እኔ ብቻ ነኝ። ሰርቪሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ሰውን ሁሉ እያየሁ ለብቻዬ ፈገግ ስል ሾፌሩ ሎተሪ ደርሶሽ ነው ወይ ብሎ ቀለደብኝ።

ለምን አልጻፍኩም? ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ፣ ሁለት ሰከንድም ማየት ይባላል ወይ አልኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ የሚል ጥያቄ ተጨመረበት። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሰው ስመክር ጎበዝ ነኝ። ከሁሉ በላይ ግን ወንበሬን ወደድኩት። እኔ ከተነሣሁ የሚቀመጥበት ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ የምንለው እንደኛው ፊዚክስ የተማረ፣ በነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ግማሽ ቀን የሚከራከር ባልደረባችን ነው። እሱ እኔ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለማየት ሆዴ አልቻለም።

ከሁለት ወር በኋላ ስለ ዘበኞቹ ጊዜ ለመወሰን ተሰበሰብን። ጠበቃ አምስት አለ። እኔ አራት አልኩ። ምክንያት አልቸገረኝም፤ አምስት ካልን በከንቱ ለሚጮኹት ስንል ጥሩ ጥሩዎቹን ቅንጣቶች እንጥላለን። ተራዎቹን ሰብስበን ያወጣነውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርቼ አሳየሁ። እውነተኞቹ ጩኸቶች መሐል ላይ እንደ ጉብታ ይከመራሉ፤ በከንቱ የሚጮኹት ዳርና ዳር እንደ ሜዳ ይዘረጋሉ። ጉብታው አራት ላይ አለቀ አልኩ። ጠበቃ አምስት ላይ ነው የሚያልቀው አለ። በመካከሉ ያለችው ጉብታ ነው ላላት ጉብታ፣ ሜዳ ነው ላላት ሜዳ ናት። ሁለት ሰዓት ተከራከርን፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ወደ እኔ አደሉ፤ ዘበኞቹን እንደ ልጆቿ ታውቃቸዋለች አሉ። አራት ተብሎ ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን።

ያን ቀን አራት ነጥብ ስድስትን አስቤያት ነበር ወይ? ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላሰብኳትም። ግን ረስቻትም አላውቅም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልገባኝም።

ሳጥኑ የተከፈተው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። አርባ ሰው ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ታጭቋል፤ ወንበር ያጡት የክፍሉ ማሞቂያ ላይ ተቀምጠዋል። ሙከራችን ሠላሳ ጊዜ ቢደገም፣ ተራ ቅንጣት አታልሎ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው አንዴ ብቻ እንደሆነ አስቀድመን አስልተናል። አንድ ነጥብ ቢገኝ አጋጣሚ ይሆናል ይባላል። ሁለት ከሆኑ ግን አጋጣሚ የሚለው ቃል አፍ ላይ ይከብዳል። ጠበቃ ሽፋኑን አነሣው። ሁለት ነበሩ። አንደኛዋን አወቅኋት።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ጋሼ እንደተቀመጡ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት፤ የቆሸሸው መነጽሩ አልነበረም፣ የሚፈሰው እንባቸው ነበር። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸው ጋ ደወሉ።

«አለ» አሉ። ባለቤታቸው ምኑ ብለው ጠየቁ መሰለኝ። «ያ የሌለው» አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጋሼ ከስልክ አልወረዱም። ድሮ ያስተማሯቸውን፣ ጡረታ የወጡ ጓደኞቻቸውን፣ በሌላ አገር ተመሳሳይ ሙከራ የሚሠሩትን ሳይቀር አንድ በአንድ ደወሉላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቃል አምልጧቸው የማያውቁ ሰው እንደ አዲስ አባት ሆኑ። ቢሮዬ ከእሳቸው ቢሮ ጋር የሚጋራው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። «አንደኛዋ እኮ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ አራት ነጥብ ስድስት ላይ ናት። የእኔ ልጅ አራት ብላ ሽንጧን ገትራ ባትከራከር ኖሮ ጠፍታ ነበር» ይላሉ። የእኔ ልጅ የሚሉት እኔን ነው። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ እሰማው ነበር።

ቤት የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እትዬ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ ኖራለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን አብረን አለን። ሁለት ነጥብ ያገኘች ሴት ሁለት ማንኪያ መዋጥ አቃታት እያለች ስትቀልድብኝ ሰነበተች። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰች ሳለ ቀልዱን ትታ ምን ሆነሻል አለችኝ። ነገርኳት። ማክሰኞውን፣ ነጥቧን፣ አራትና አምስቱን፣ ጋሼንና ስልካቸውን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ግን የአብዬን ወደ እምዬ ሆነና አሥራ ሰባተኛውን ዘበኛ ስከስ ቆየሁ። እትዬ ካውያውን አቁማ ሰማችኝ።

ያኔ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት እናታችን ትኩሳት አልለቅ ብሏት ደሟ የተወሰደው እትዬ ክሊኒክ ነበር። እትዬ ስላይዱን አላየችም። ስሙን ፍቃ፣ ቁጥር ጽፋበት፣ ለባልደረባዋ ሰጠችው። እኔ እንደ እብድ ጮኽኩባት፤ የገዛ እናትሽን ለባዳ እንዴት ትሰጫለሽ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። «የእማዬ መሆኑን ካወቅሁ የፈራሁትን ነው የማየው፤ ወይ ደግሞ የፈራሁትን እያየሁ አላይም» ነበር ያለችኝ። ሳጥን ሸፍኜ የምውል ሰው ሆኜ ያኔ ልቧ ድንጋይ መስሎኝ ነበር።

«ሰኞ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች እትዬ። ጥያቄ አልነበረም። ካውያውን አንሥታ እጅጌውን መተኮስ ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ጋሼ መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። መደርደሪያው ተጋምሷል፤ መጽሐፍ በተነሣበት ቦታ የአቧራው መስመር ቀርቷል። እኔን ሲያዩ የጽሑፋችንን ረቂቅ አነሡና አንድ ዐረፍተ ነገር ሊያሳዩኝ ጀመሩ። አንዴ ይቆዩኝ ብዬ አስቆምኳቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ከእትዬ ጋር ስለተለማመድኩት ፈጥኖ አለቀ።

እንደ ማንኛውም ፊዚሲስት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቀኑን፣ ነጥቧ ላይ ምን ምን ቁጥር እንዳየሁ፣ ስንት ሰከንድ። መለስኩላቸው። ለማን እንደተናገርኩ ጠየቁኝ፣ ለእህቴ ብቻ አልኳቸው።

«አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እንደ አለቃ አይደለም የምለምንሽ። አሥራ ሁለት ቀን ያዢልኝ። ልሂድ። ከሄድኩ በኋላ ያሻሽን ተናገሪ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉን ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ጠብቄያለሁ፣ ውጪልኝ መባል ጠብቄያለሁ። ልመና አልጠበቅሁም። ሳጥኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

«እኔ ያስተማርኩሽ እንዳታዪ ነው» አሉ። «አይተሽ ስትመጪ ምን እንደምልሽ ራሴም አልተማርኩትም።»

ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ያገኟት አንዲት ዐይን ያቺ ናት፣ አፈሩን የበተንኩባቸው ደግሞ እኔ ነኝ። አሳዘኑኝ፣ በራሴ ደሜ ፈላ፣ መውጫው ጠፋኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለእትዬ ግን ነገርኳቸው ብቻ ነው ያልኳት።

አሁን ደግሞ አንድ የጋሼን ደንብ ልንገራችሁ። ማንኛውም ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ሁላችንም ተሰብስበን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ ያንን ሥራ የሠራው ሰው «እውነት ነው» ይላል። አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይስቅበታል፤ ሁለት ሰዓት እውነት ነው፣ እውነት ነው ሲባል መዋል ያስቃል። ጋሼ ግን ሰው እጁ የጻፈውን በአፉ ሲለው ይጠነቀቃል ብለው ያምናሉ። ንባቡ ሐሙስ ነበር፣ አንባቢው ራሳቸው ጋሼ።

ማፋጠኛውን የሚመለከተው ተነበበ፤ የጨረሩ መሐንዲስ እውነት ነው አለ። ቱቦው፣ ገመዱ፣ ዘበኞቹ ተነበቡ፤ ስለ ዘበኞቹ እውነት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ረቂቁ ፊቴ ስላለ ቀጥሎ የሚመጣውን አይቼዋለሁ፦ «የመምረጫ ሕጎቹ በሙሉ የተወሰኑት ሳጥኑን ማንም ሳያይ ነው።» መልስ ሰጪው የምርጫው ኃላፊ ነው፤ እኔ ማለት ነው። ጋሼ ገጹን ገለጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም በቀጥታ ስለ ስሌቱ የሚለውን ማንበብ ጀመሩ።

ዘለሉት። እኔን ላለማስዋሸት ነው ወይስ ራሳቸው ያንን ቃል በአፋቸው ማለት አቅቷቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለአንዲት ቅጽበት ተመስገን አልኩ፤ አልፈናል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር ዘለዋል» አለ ጠበቃ። ክፋት የለውም፤ ነጠላ ሰረዝ የማያሳልፍ ሰው መስመር አያሳልፍም።

ጋሼ ወረቀቱን ዐይናቸው ድረስ አቀረቡት፣ እውነትም ዘልዬ ኖሯል አሉ። ከዚያ አነበቡት። ድምፃቸው እየወረደ መጨረሻው ላይ የማይሰማ ሆነ። ቀና ብለው አላዩኝም። ክፍሉ ሁሉ የእኔን ሁለት ቃል ጠበቀ፤ አንዱ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ይሰማኛል።

«እውነት አይደለም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ማክሰኞውን ተናገርኩ፣ ነጥቧን ተናገርኩ። ለጋሼ ሰኞ እንደነገርኳቸው ግን አልተናገርኩም። እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩት፤ ሰኞ ነግራኛለች፣ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ አሉና ተቀመጡ።

ጠበቃ ይፈነጥዛል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሰውየው ፊቱ ዐመድ መስሎ መዳኛ መንገድ መፈለግ ጀመረ። መንገዱም አንድ ነው፤ ነጥቦቹ የት እንዳሉ ያልሰማ አዋቂ ሰው ተገኝቶ፣ የጉብታውን ሥዕል ብቻ አይቶ፣ አራት ወይም አምስት ይበል። አራት ካለ ነጥቧ ትዳናለች፣ ስሟም ይነጻል። የሙያው ሰዎች ስም ዝርዝር ተዘጋጀ፣ ሃያ አንድ ሰው። ጠበቃ አንድ በአንድ ደወለላቸው። ነገሩን ሳይነግራቸው፣ ስለ ውጤታችን የሰማችሁት ነገር አለ ወይ ብቻ እያለ። ሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ አሉት። ያቺ አራት ነጥብ ስድስቷ አይደለችም ወይ፣ ለጥቂት የተረፈችው፣ ጋሼ ደውለው ነግረውኛል አሉት። ሃያ አንደኛው ስልክ ሲዘጋ ዓለም ላይ ያልሰማ ፈራጅ አጣን። ጋሼ በደስታ እያንዳንዱን በር በእጃቸው ዘግተውት ነበር።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚፈረደው በራስ ላይ ነው፤ ይህም ደንባችን ነው። አምስት ተባለ። ነጥቧ ወጣች፣ አንድ ቀረ፣ አንድ ደግሞ አጋጣሚ ነው። ጽሑፉ እንደገና ተጻፈ፦ የተፈለገው ነገር አልተገኘም፤ ካለም ከዚህ ከዚህ ቁጥር የበለጠ ብርቅ ነው። አራተኛ ዜሮ ሆነ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ገመድ ወደሚፈትሹት ተዛወርኩ፤ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሰባተኛውን ዘበኛ የምጎበኘው አሁን እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የጉብታውን ሥዕል ቁጥሮቹን ቆርጬ አውጥቼ ቤት ይዤው ሄድኩ። ለእትዬ ሰጠኋትና ይኼ ጉብታ የቱ ጋ ያልቃል፣ ጥፍርሽን አስቀምጪበት አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ስላይድ ያየ ዐይን ነው፤ የማምነው እሱን ነው። እትዬ ወረቀቱን ሳታየው ገልብጣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት።

«ሁሉን ነግረሽኛል እኮ፣ ሚጣ» አለች። «የእኔም ዐይን አንቺን ሊያጽናና አራትን ፈልጎ ነው የሚሄደው። እሱን ብሸሽ ደግሞ አምስት ላይ ነው የምወድቀው።»

ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ነጥቧ ውሸት ብትሆን ኖሮ ውሸት አስገባሁ ብዬ እጸጸት ነበር፣ ያበቃል። እውነት ከነበረች ግን እውነትን ነው ያበላሸሁት፤ ከእንግዲህ ማንም፣ እኔም ራሴ፣ ልናምናት አንችልም።

የጋሼ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። ግብዣ አልፈልግም ስላሉ ሰው በየቢሮው እየመጣ ጨብጧቸው ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። የመጨረሻዋን ካርቶን ሳልጠየቅ አነሣሁ፤ አልከለከሉኝም። ደረጃውን ወጥተን፣ ግቢውን አቋርጠን፣ ዋናው በር ጋ ስንደርስ ቆሙ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «ያን ማክሰኞ ባታዪያት ኖሮ የቱ ላይ ታደርጊው ነበር? አራት ላይ ነው አምስት ላይ?»

ይህን ጥያቄ ራሴን ሳልጠይቅ ያደርኩበት ቀን የለም። አራት ብላቸው ነጥባቸውን ለብቻቸው ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ዓለም ባያምናትም እሳቸው ያምኗታል። አምስት ብላቸው ዜሯቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱንም ያውቁበታል። ሁለቱም ያሳርፋቸው ነበር። አንዱን መርጬ መዋሸት እንኳ እችል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሌላ ነገር እጨምር እንደሆነ ጠበቁ።

«ዜሮን እኮ ለምጄዋለሁ» አሉ። «ዜሮ ይዤ ስገባ ሚስቴም ታውቀዋለች፣ ትስቅብኛለች፣ ራት ታቀርባለች። ይኼን ግን ምን ብዬ ልንገራት?»

ካርቶኑን ከእጄ ተቀበሉኝና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ።